የዕቁባችንን ልምድ ይዘን በዋሽንግተን ለሚኖሩ ጥቁር ሴቶችና ልጃገረዶች በጋራ መስጠት፦ ከየት እንጀምር?

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር 14 ሴቶች ነን። ዘጠኝ ዓመት አብረን ዕቁብ ጥለናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዕጣዋን በልታ የጠፋች፣ መዋጮ ያጓደለች ወይም ዳኛዋን ያስቀየመች አንዲትም አባል አልነበረችም፤ ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ዕቁብ የጣላችሁ ሁሉ ትመሰክራላችሁ። ባለፈው ወር የመጨረሻው ዕጣ ወጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ በዋሽንግተን ከተማ በአዋላጅ ነርስነት የምትሠራው ጓደኛችን ምጥ ይዟት በሁለት አውቶቡስ የአናኮስቲያን ወንዝ ተሻግራ ስለመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር አጫወተችን። ከወንዙ ማዶ ያሉት ዎርድ 7 እና ዎርድ 8 የተባሉት የከተማዋ ክፍሎች አብዛኛው ነዋሪያቸው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ከ2017 መጨረሻ አንሥቶ ሲዳር ሂል የተባለው ሆስፒታል በኤፕሪል 2025 እስኪከፈት ድረስ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ማዋለጃ ክፍል ያለው አንድም ሆስፒታል አልነበራቸውም። ብዙዎቻችን ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ አካባቢ ስንኖር ወንዙን የተሻገርነው መንገድ ስንስት ብቻ መሆኑን ያን ዕለት ተነጋግረን አፈርን።

በዚያው ዕለት ዕቁቡን በሌላ መልክ ለመቀጠል ተስማማን። እያንዳንዳችን በወር 40 ዶላር እናዋጣለን፤ ዕጣው ግን ለአባል ሳይሆን በዚያ አካባቢ ለሚኖሩ ሴቶችና ልጃገረዶች ይወጣል። በዓመት 6,720 ዶላር መሆኑ ነው። ገንዘቡ ትልቅ እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ከዚህ ቀደም በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የእራት ግብዣ ላይ ተባብረን የሰጠነው ገንዘብ የት እንደደረሰ ሳናውቅ ቀርተናል፤ ከምስጋና ደብዳቤና ከተከታዩ ዓመት የግብዣ ካርድ በቀር የሰማነው ነገር ስለሌለ፣ አሁን የምንሰጠውን በዓይናችን ለማየት፣ በራሳችንም ለመወሰን እንፈልጋለን።

የምጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። በአሜሪካ «ጊቪንግ ሰርክል» የሚባለውን ዓይነት የጋራ ልገሳ ማኅበር ለማቋቋም የራሳችንን ድርጅት ማስመዝገብ ይኖርብናል ወይስ በሌላ ድርጅት ሥር መጠለል ይበቃል? «ለጥቁር ሴቶችና ልጃገረዶች» ብለን በግልጽ ብንጽፍስ ሕግ ይነካናል? ይህን የምለው በአትላንታ አንድ የሴቶች ተቋም በዚህ ምክንያት መከሰሱን ስለሰማሁ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ፣ ከዚያ ሰፈር አንዲትም ሰው ሳይኖረን ማን ምን እንደሚያስፈልገው እንዴት ብለን እንደምንወስን ነው። ከአባሎቻችን ሁለቱ ደግሞ «አገር ቤት የሚራብ ዘመድ እያለ» የሚል ጥያቄ አንሥተዋል። ንግግራቸውን በቁጣ ሳይሆን በሐዘን ስለተናገሩት አቃልዬ ላልፈው አልቻልሁም።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ከፌርፋክስ

እህቴ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በሙያዬ ልመልስ፤ የቀሩትን ለሚያውቁት እተዋለሁ።

የራሳችሁን ድርጅት አስመዝግባችሁ 501(ሲ)(3) የሚባለውን ከግብር ነጻ የመሆን ዕውቅና ለማግኘት፣ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ድርጅቶች የሚሞሉት አጭር ቅጽ አለ፤ የማመልከቻው ክፍያ 275 ዶላር ነው። ገቢው በዓመት ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ የበጎ አድራጎት ማኅበር ማመልከት እንኳ አይጠበቅበትም፤ የእናንተ 6,720 ግን ከዚያ በጥቂቱ አልፏል። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። መተዳደሪያ ደንብ፣ የቦርድ አባላት፣ ቃለ ጉባኤ፣ በየዓመቱ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) የሚላክ ማስታወቂያ ይከተላል፤ ይህን ማስታወቂያ ሦስት ዓመት በተከታታይ የረሳ ድርጅት ዕውቅናው በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። ጸሐፊያቸው አገር ቤት ሄዳ ስትቆይ ዕውቅናቸው የተሰረዘባቸውን ማኅበሮች ወረቀት እኔው ራሴ ስጠግን ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት «ፊስካል ስፖንሰር» በሚሉት፣ ማለትም ዕውቅናው ባለው ሌላ ድርጅት ሥር ሒሳብ ከፍታችሁ እንድትሠሩ እመክራለሁ። ድርጅቱ ገንዘቡን ይይዛል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ለአገልግሎቱም ከገንዘቡ የተወሰነ መቶኛ ይወስዳል፤ የሚወስደው ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ሌላው መንገድ በአንድ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ውስጥ የለጋሾች ሒሳብ (ገንዘቡን ፋውንዴሽኑ ይዞ፣ ለማን እንዲሰጥ እናንተ የምትመክሩበት) መክፈት ነው፤ ነገር ግን ከ2026 የግብር ዘመን ጀምሮ ወጪያቸውን በዝርዝር የማያቀርቡ ግብር ከፋዮች በጥሬ ገንዘብ የሰጡት፣ ላላገባ ሰው እስከ 1,000፣ ለባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው እንዲቀነስላቸው የሚፈቅደው አዲስ ሕግ በእንዲህ ዓይነቱ ሒሳብ የተሰጠውን አይጨምርም። ከእናንተ እያንዳንዷ በዓመት የምትሰጠው 480 ዶላር ስለሆነ ይህ ለብዙዎቻችሁ ለውጥ ያመጣል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ለአንዲት ችግረኛ እናት በእጇ የሰጣችሁት ገንዘብ ጽድቅ ይሆን እንደሆነ እንጂ ከግብር አይቀነስም።

ስለ አትላንታው ጉዳይ የሰማችሁት እውነት ነው። ፊርለስ ፈንድ የተባለው ተቋም ጥቁር ሴቶች ለያዟቸው ንግዶች 20,000 ዶላር የሚያሸልም ውድድር ነበረው። በኦገስት 2023 «የአሜሪካ ጥምረት ለእኩል መብት» የተባለ ቡድን ከሰሰው፤ ክሱ የተመሠረተውም ነጻ የወጡትን ባሮች ለመጠበቅ በ1866 በወጣው፣ በውል ላይ የዘር መድልዎን በሚከለክለው ሕግ ላይ ነው። በጁን 2024 የ11ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ውድድሩን አገደ፤ በሴፕቴምበር ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ክሱ ሲዘጋ ውድድሩም አብሮ ተዘጋ። በባርነት የኖሩትን ሊጠብቅ የወጣ ሕግ በልጅ ልጆቻቸው ላይ ሲጠቀስ ማየት ለእኔ መራራ ነገር ነው፤ ይህ ግን የግል ስሜቴ ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው የዳኞቹ ምክንያት ነው። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ውል ያየው፣ ተወዳዳሪዎቹ ሽልማቱን ሲሹ በምላሹ ስማቸውንና ሥራቸውን ለማስታወቂያ የመጠቀም ፈቃድን የመሳሰሉ ግዴታዎች ስለገቡ ነው። ውሳኔው አስገዳጅ የሚሆነው በጆርጂያ፣ በፍሎሪዳና በአላባማ ብቻ ቢሆንም የ1866ቱ ሕግ ግን የአገሪቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ውድድር አታዘጋጁ፤ ለግለሰብ ሳይሆን በሰፈሩ ውስጥ ለሚሠራ ድርጅት ስጡ፤ በምላሹ ፎቶግራፍም ሆነ ምስክርነት አትጠይቁ። ስጦታችሁ ስጦታ ብቻ ይሁን። የመተዳደሪያ ቃላችሁን ከማጽደቃችሁ በፊት ደግሞ የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ አትሰስቱ፤ እኔ ሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም።

የሳውዝ ሳይዷ፣ ከቺካጎ

እኔ በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል ስኖር፣ ከአባሎቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን በሆኑበት ትንሽ የልገሳ ማኅበር ውስጥ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በከተማችን ከእኛ የሚበልጥና በይበልጥ የሚታወቅ፣ በቺካጎ የሴቶች ፋውንዴሽን ጥላ ሥር የሚሠራ ሳውዝ ሳይድ ጊቪንግ ሰርክል የሚባል አለ፤ እርሱም በዚሁ ሰፈር ላሉ ጥቁር ሴቶችና ልጃገረዶች የሚሰጥ ነው። በመላ አሜሪካ ደግሞ ከ2017 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ማኅበሮች 370,000 ያህል ሰዎችን አሰባስበው ከ3.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሰጡ ተጠንቶ ታትሟል። ስለዚህ አዲስ ነገር አልፈጠራችሁም፤ ይህንም የምለው ለማሳነስ ሳይሆን የምትደርሱበትን ቤት ደጃፍ እንድታውቁት ነው።

የመጀመሪያ ስብሰባዬ ላይ ስለ ዕቁብና ዕድር ለማስረዳት ብድግ ብዬ ነበር። በልቤ ከአገሬ ይዤላቸው የመጣሁት ስጦታ መስሎኝ ነው። ንግግሬን ስጨርስ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት እናት ፈገግ ብለው «የእኔ አያት ደግሞ ሱሱ ትጥል ነበር» አሉኝ፤ ሱሱ ከምዕራብ አፍሪካና ከካሪቢያን የመጣ፣ ከዕቁብ የማይለይ ነገር ነው። ከዚያም ስለ ፊላደልፊያ ነገሩኝ። በ1787 ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ የተባሉ፣ ራሳቸው ከባርነት የወጡ ሁለት ሰዎች ነጻ የአፍሪካውያን ማኅበር የሚባል አቋቁመው፣ አባላቱ በወር አንድ ሽልንግ እያዋጡ የታመመን ይጠይቁ፣ የሟችን ሚስትና ልጆች ይረዱ ነበር። ይህ ዕድር ካልሆነ ምን ሊባል ነው? በዚያችው ከተማ በ1821 ልብስ በማጠብና በሰው ቤት በመሥራት የሚተዳደሩ ሁለት መቶ ያህል ሴቶች የአፍሪካ ሴት ልጆች በሚል ስም የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የልብስ አጣቢ ልጅ የነበረችው ማጊ ሊና ዎከር በሪችመንድ ቨርጂኒያ የአንዲት የመረዳጃ ማኅበር መሪ ሆና የአባላቱን ሳንቲም በ1903 ባንክ አድርጋዋለች፤ በአሜሪካ ባንክ የመሠረተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም እርሷ ናት።

ከሁሉ የምወደው ግን የጆርጂያ ጊልሞርን ታሪክ ነው። በሞንትጎመሪ አላባማ ጥቁሮች በአውቶቡስ ላለመሳፈር አድመው 381 ቀን በእግራቸው ሲሄዱ፣ ይህች ወጥ ቤት ሠራተኛ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ኬክና የተጠበሰ ዶሮ እየሸጡ ለመኪናና ለቤንዚን የሚሆን ገንዘብ ያዋጡ ነበር። የማኅበራቸው ስም «ከየትም ያልመጣው ክበብ» ነበር። ብዙዎቹ በነጮች ቤት ተቀጣሪዎች ስለነበሩ ስማቸው ቢታወቅ ከሥራ ይባረራሉ፤ ስለዚህ ገንዘቡ ከየት መጣ ተብለው ሲጠየቁ «ከየትም» ይሉ ነበር። ጊልሞር ራሷ በማርቲን ሉተር ኪንግ የክስ ጉዳይ ላይ ከመሰከረች በኋላ ከሥራዋ ተባራለች።

ወደ እናንተ ሰፈር ልመለስ። የምትሰጡበት ዎርድ 7 ውስጥ፣ ሊንከን ሃይትስ በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ ናኒ ሄለን በሮውስ በ1909 ለጥቁር ሴቶችና ልጃገረዶች የሙያ ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር። ትምህርት ቤቱ የቆመው በአብዛኛው በባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ጥቁር ሴቶች ባዋጡት ሳንቲም ነው። ዛሬ በዚያ የሚያልፈው ጎዳና በስሟ ይጠራል። ስብሰባችሁን በሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ከማድረጋችሁ በፊት በዚያ ጎዳና አንድ ጊዜ ብትመላለሱበት ጥሩ ነው።

ስለ አወሳሰን ላነሡት ጥያቄ የራሳችንን ስሕተት ልንገርዎት። በመጀመሪያው ዓመት ለ1,500 ዶላር ስጦታ አሥራ ሁለት ገጽ ማመልከቻ አዘጋጀን፤ የሦስት ዓመት በጀት፣ የሚለካ ውጤት፣ የተጠቃሚ ታሪክ፣ ሁሉም ነበረበት። ከትምህርት በኋላ ልጃገረዶችን የምትሰበስብ አንዲት ሴት ቅጹን ለመሙላት ሦስት ሌሊት አምሽታ ካስረከበችን በኋላ፣ በዚያ ሰዓት ምግብ ብታበስል ኖሮ ከስጦታችን በላይ ይሆን እንደነበር በጨዋ ቋንቋ ነገረችን። ፊታችን ቀላ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ የለንም። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ሄደው ይጠይቃሉ፤ ሌላ ለጋሽ ለማግኘት የጻፈችው ነገር ካለ ያንኑ እንቀበላለን፤ ገንዘቡንም ለምን እንደምታውለው ሳንወስን፣ ለቤት ኪራይም ይሁን ለራሷ ደመወዝ፣ እንዲሁ እንሰጣለን። ለአንድ ድርጅት የጀመርነውን ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዓመት አናቋርጥም። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከራስ ምታት አያልፍም፤ ሰው ቀጥራ በሁለተኛው ዓመት ልታሰናብት ነውና።

እንዲህ ያለ ትንሽ ገንዘብ ለምን እንደሚፈለግ ለማወቅ አንድ ቁጥር ይበቃል። ሚዝ ፋውንዴሽን ፎር ዊሜን በ2020 ባወጣው ጥናት፣ የአሜሪካ ፋውንዴሽኖች ከሰጡት 66.9 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ በቀጥታ ነጭ ላልሆኑ ሴቶችና ልጃገረዶች የታሰበው 356 ሚሊዮን፣ ማለትም ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ለአንዲት ሴት በዓመት 5 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይደርሳታል፤ በእናንተ ከተማ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ መሆኑ ነው።

አንድ አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

የልጆቼን ሐሳብ በአክብሮት አንብቤአለሁ። ሆኖም ሁለቱ እኅቶች ያነሡት ጥያቄ ሳይመለስ እየታለፈ ስለሆነ እኔ ልድገመው። በዚህ አገር የአርባ ዓመት ነዋሪ ነኝ፤ ታክሲ ስነዳ ልጆቼን አስተምሬአለሁ፤ ዛሬም በየወሩ ለሦስት ቤተሰብ እልካለሁ። የእኛ ሰው እጁ አጥሮ ሳለ በሀብታም አገር የሚኖርን ሰው ለመርዳት መነሣቱ ቅደም ተከተሉን የሳተ ይመስለኛል። ደግሞስ ይፈልጉናል ወይ? በ2005 በዋሽንግተን ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ያሉት ሱቆቻችን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም በተጠየቀ ጊዜ የተቃወሙት እነዚሁ የሾው ሰፈር ጥቁር አሜሪካውያን አልነበሩም? ያን ጊዜ የተሰማኝን ቅሬታ አልደብቅም።

የምጥ ደጋፊዋ፣ ከደቡብ ምሥራቅ ዲሲ

አባባ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ያደግሁት ግን በዚያው በሾው አጠገብ ስለሆነ ነገሩን ከሌላው በኩልም ሰምቼዋለሁ። የዩ ጎዳና አካባቢ ነዋሪዎች ሲቃወሙ የነበረው፣ በመድልዎ ዘመን እነርሱና አባቶቻቸው ያቀኑት ሰፈር ኪራይ እየናረበት እነርሱ ሲገፉ፣ ስሙም ከእነርሱ ሊወሰድ ነው የሚል ስጋት ይዟቸው ነው። የጓደኞቼ ቤተሰቦች ያን ጊዜ ወንዙን ተሻግረው ሄደዋል። ዛሬ የምሠራው ከእነርሱ ጋር ነው።

ሥራዬ ነፍሰ ጡሮችን ከእርግዝና እስከ አራስነት መደገፍ ነው። በእንግሊዝኛ «ዱላ» ይሉናል፤ እናቴ ለዘመዶቿ «ልጄ ዱላ ሆነች» ማለት አልሆንላት ብሎ እስከ ዛሬ «ነርስ ናት» ትላለች። በዚህ ሥራ ያየሁትን በቁጥር ለመናገር፣ በ2023 በአሜሪካ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር በወሊድ ምክንያት የሞቱ ጥቁር ሴቶች 50.3 ሲሆኑ ነጮቹ 14.5 ነበሩ። ይህን ልዩነት ድህነት ብቻ አያስረዳውም፤ የተማሩና ገቢ ያላቸው ጥቁር ሴቶችም ሕመማቸውን ሲናገሩ የሚያዳምጣቸው እያጡ ይሞታሉ። አዋላጇ ፊት የቆመች ሴት ደግሞ ከአዲስ አበባ ትምጣ ከአናኮስቲያ ከቆዳዋ አይነበብም። የእኛን እናቶች ስም ጠርተው ሲያስገቧቸው ብቻ ነው የሚለየው፤ መዝገቡ ላይ ሁላችንም «ጥቁር» ነን።

በልጃገረዶችም እንዲሁ ነው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ማዕከል በ2017 ባወጣው ጥናት፣ አዋቂዎች ጥቁር ልጃገረዶችን፣ በተለይ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉትን፣ ከነጭ እኩዮቻቸው ይልቅ እንደ ትልቅ ሰው እንደሚያዩአቸው፣ እንክብካቤም ጥበቃም ያን ያህል እንደማያሻቸው እንደሚገምቱ አሳይቷል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስታለቅስ «ትወናሽን ተዪ» የምትባለው ከዚህ ነው። የእኛ ልጆች ከዚህ አያመልጡም፤ የሲልቨር ስፕሪንግ እናቶች ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወልላችሁ ያያችሁት ይመስለኛል።

አሁን ለጠያቂዋ። በዚህ አካባቢ እንደ ማማቶቶ ቪሌጅ ያሉ፣ ከ2013 ጀምሮ እናቶችን የሚያግዙና የሰፈሩን ሴቶች ራሳቸውን አሠልጥነው የሚያሠማሩ ድርጅቶች አሉ፤ ከእነርሱ ያነሱ፣ በሁለትና በሦስት ሴቶች የሚንቀሳቀሱም አሉ። የዲሲ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሆነው የመንግሥት የሕክምና መድን) ከ2022 ወዲህ ለዱላ አገልግሎት የሚከፍል ቢሆንም ክፍያው የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ የምትሻገሪበት ገንዘብ ከሌለሽ ድርጅትሽ ይዘጋል። 560 ዶላር በየወሩ፣ በማይዛነፍ ቀን ቢገባላቸው ለእነዚህ ሰዎች ከአንድ ጊዜ ዐሥር ሺህ የሚሻልበት ጊዜ አለ። እባካችሁን ያገለገለ ልብስ አትሰብስቡ። የሕፃን ዳይፐር፣ የመኪና ወንበርና የታክሲ ገንዘብ ነው የሚጎድለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለሠራተኛዋ ደመወዝ። ሴቶቹ በነጻ እንዲያገለግሉ መጠበቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የዕቁብ ዳኛ እንኳ በእኛ ባህል የመጀመሪያው ዕጣ ይሰጣታል አይደል?

አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ 14 ናችሁ። ከሰፈሩ ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ከሃያ ዓመት በታች የሆነች፣ ገንዘብ እንዲያዋጡ ሳይጠየቁ ሙሉ ድምፅ ይዘው ይግቡ። ያለ እነርሱ የምትወስኑት ነገር ሁሉ በግምት ነው።

የሳውዝ ሳይዷ፣ ከቺካጎ

ለአሌክሳንድሪያው አባታችን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጣልያን በ1935 ሊወርረን ሲዘጋጅ ከዚህ ከቺካጎ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በኋላም ተመልሶ በ1954 እዚያው አገራችን ውስጥ ሞተ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እናንተው ከተማ ነው። በ1937 በኒው ዮርክ ሲቋቋም እርሳቸው የመሩት የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን ገንዘብ ያሰባሰበው ደግሞ በየከተማው ካሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነው፤ ያን ጊዜ እነርሱ ራሳቸው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበሩ፣ በብዙ ክፍለ ሀገርም ድምፅ መስጠት አይፈቀድላቸውም ነበር። የቅደም ተከተሉ ጥያቄ ለእነርሱም ሳይነሣ አልቀረም።

አንድ አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

የሮቢንሰንን አውቃለሁ፤ አባቴ ስሙን ያነሣ ነበር። በአደባባይ ሐሳቤን ለውጫለሁ ለማለት አልቸኩልም። ነገር ግን የሦስቱ ሴቶች ጉዳይ ትክክል ነው፤ እኛም ብንሆን ስለ ዕድራችን ሌላ ሰው እንዲወስንልን አንወድም። ባለቤቴ ግን ይህን ሁሉ ከጎኔ ሆና እያነበበች፣ 40 ዶላሩን ለማን እንደምትሰጥ እየጠየቀችኝ ነው።

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጽሑፋችሁን አትሜ ቅዳሜ ለአባሎቹ አነበብሁላቸው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ በመካከሉም ክርክር ነበር። የደረስንበትን ልግለጽ።

የራሳችንን ድርጅት ለጊዜው አናቋቁምም፤ ስፖንሰር የሚሆኑን ሁለት ድርጅቶችን እያነጋገርን ነው፤ ከገንዘቡ የሚወስዱትንም አስቀድመን በጽሑፍ እናስፈርማለን። በመተዳደሪያችን ላይ ምን ብለን እንደምንጽፍ ጠበቃ እናማክራለን፤ እስከዚያው ግን በዎርድ 7 እና 8 በእናቶችና በልጃገረዶች ላይ ለሚሠሩ ድርጅቶች እንደምንሰጥ ብቻ እንጽፋለን። ማመልከቻ አናስሞላም። ፎቶግራፍም አንጠይቅም፤ በዚህኛው ላይ ከመካከላችን አንዷ ለፌስቡክ ገጻችን አንድ ብቻ ብላ ብዙ ተከራክራ ነበር፤ ተሸነፈች። ለአንድ ድርጅት ሦስት ዓመት እንሰጣለን የሚለው ግን በድምፅ ብልጫ እንጂ በስምምነት አልጸደቀም፤ አምስት ሴቶች አንድ ዓመት አይተን እንወስን ብለዋል፤ በዚህ ምክንያት እንዳይለዩን እሰጋለሁ።

ስለ ሦስቱ ሴቶች ተስማምተናል። ችግሩ የስብሰባ ቋንቋችን ነው። ዘጠኝ ዓመት በአማርኛ ተጫውተን፣ በአማርኛ ተጣልተን ታርቀናል፤ አሁን በእንግሊዝኛ ስንሰበሰብ የሚናገሩት አራት ሴቶች ብቻ ሊሆኑ ነው፤ የእናቶቻችን ዕድሜ የደረሱት ሁለቱ ደግሞ ዝም ይላሉ። ዳኛችን አስተርጓሚ ከመካከላችን እያፈራረቅን እንመድብ አለች። በዚህ ላይ ልምድ ያላችሁ ካላችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ለአሌክሳንድሪያው አባታችን፦ ባለቤትዎን በግል መልእክት ያገናኙኝ፤ 15ኛ አባል እንቀበላለን። የመጀመሪያው መዋጮ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው፤ የምንሰበሰበውም በዚህ ጊዜ ከወንዙ ማዶ፣ በናኒ ሄለን በሮውስ ጎዳና ላይ ነው።